ላሜራና እንጀራ

የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን አንድ ቀን፣ ከሶኬት ነቅላችሁና በደንብ አቀዝቅዛችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እዩት። እንጀራው የሚጋገርበት ሸክላ ከላይ ነው። ከሸክላው ሥር የሚግለው ጠመዝማዛ ሽቦ አለ። ሸክላውንም ሽቦውንም አቅፎ የያዘው ክብ ገላ፣ እግሮቹ የተያያዙበት ወገብ፣ ከላይ የሚደፋው አክንባሎ ግን ስስ ላሜራ ነው። አንድ ሰው ዝርግ ብረት ፊቱ ላይ አስቀምጦ፣ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ አጥፎ ነው ያንን ቅርጽ ያወጣው። ስለ ጤፉ ዋጋ እናወራለን፤ ስለ መብራቱ መጥፋት እናማርራለን፤ ይህን ሰው ግን የሚያነሳው የለም።

ዛሬ የማነሳው እሱን ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱ ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ «እንግዲህ ይህ ልጅ ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ በዝቷል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አንድ ሙያ ይማር» ይሆንና እዚያው ላይ ይቆማል። የትኛውን ሙያ? ምን ይሠራበታል? በየት በኩል ይገባበታል? ምኑን ይጎዳዋል? ስለ አንዱ፣ ስለ ቀላል የላሜራ ሥራ፣ የማውቀውን እነሆ።

ስስ ብረት የራሱ ጠባይ አለው

«ቀላል» ሲባል ሥራው ይቀላል ለማለት አይደለም፤ ብረቱ ስስ ነው ለማለት ነው። በጥቅሉ ውፍረቱ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ዝርግ ብረት ላሜራ ይባላል። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ያለው የከባድ ብረት ሠሪዎች፣ የታንከርና የድልድይ ሰዎች ዕቃ ነው። መሃሉን ሁለቱም ወገኖች ይሠሩበታል። በየሰፈሩ ወርክሾፕ የምናየው አብዛኛው የላሜራ ሥራ ግን ከ1.5 ሚሊ ሜትር አያልፍም።

ገበያ ላይ ውፍረት በ«ጌጅ»ም ይጠራል፤ ይህ ቁጥር ጀማሪን ያሳስታል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ብረቱ ይሳሳል። ባለ 28 የጣሪያ ቆርቆሮ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ባለ 32 ወደ 0.25 ይወርዳል። በዓይን መለየት ለለመደ ሰውም ያስቸግራል፤ ሚዛን ግን አያስቸግረውም። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የ1 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ 15.7 ኪሎ ይመዝናል። «1 ሚሊ ነው» ተብላችሁ የገዛችሁት ላሜራ 12.5 ኪሎ ከመዘነ የያዛችሁት 0.8 ነው። ከሻጭ ጋር ድምፅ ከፍ አድርጎ መከራከር ሳያስፈልግ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ዝም ማለት ይበቃል።

ብዙ ሰው ይህን ሙያ ከብየዳ ጋር አንድ ያደርገዋል። ጎረቤቶች እንጂ አንድ አይደሉም። የ0.4 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ተራ ኤሌክትሮድ ቢያሳርፉበት ወዲያው ይበሳል። 1 ሚሊ ሜትሩም ቢሆን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ፀሐይ ላይ እንደ ደረቀ ቆዳ ይጨማደዳል፤ ሙቀቱ አንዱን ቦታ ሲለጥጠው ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ አልከተል ስለሚል ነው። ስለዚህ ጥሩ የላሜራ ሠራተኛ ከቻለ አይበይድም። ጠርዝን በጠርዝ አጥፎ ይቆላልፋል፣ በሪቬት ያያይዛል፣ ቀልጦ በሚፈስ ሊድ ያጣብቃል። መበየድ ግድ ሲሆንበት ደግሞ እዚህ አንድ ፑንታ (የነጥብ ብየዳ)፣ እዚያ ማዶ አንድ ፑንታ እያለ ሙቀቱን እያከፋፈለ ይሄዳል።

ታዲያ ስስ ብረት ጥንካሬውን ከየት ያገኛል? ከእጥፋት። አንድ ወረቀት በጫፉ ይዛችሁ ብታነሡት ይልመጠመጣል፤ በቁመቱ አንድ ጊዜ አጥፋችሁ ጠርዝ ብታወጡለት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወረቀቱ አልጨመረም፤ ቅርጹ ነው የተለወጠው። የጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ያለው፣ የባልዲ አፍ የሚጠቀለለው፣ የላሜራ በር መሃሉ ላይ ተረግጦ ጌጥ የመሰለ መስመር የሚወጣለት በዚህ ምክንያት ነው። ጌጥነቱ ትርፍ ነው።

ከመዶሻው በፊት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚህ ሙያ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ረዳት ሆኖ የሚቀረውንና ወርክሾፕ የሚከፍተውን የሚለያቸው ጉልበት አይደለም፤ በመዶሻ ምት መርቀቅም ብቻ አይደለም። እርሳስ ነው። ላሜራው ሳይቆረጥ በፊት የሚያስበው ሰው ነው የሚያድገው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር ልያዝ። አንዲት ሴት ለዳቦ የሚሆን መጋገሪያ ትሪ ያዛሉ እንበል፤ ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር። አፉ እጅ እንዳይቆርጥ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ይታጠፋል። ሠራተኛው ይህን ዕቃ በሐሳቡ ፈትቶ መሬት ላይ ይዘረጋዋል። በርዝመቱ በኩል 40፣ በሁለቱ ጎን 10 እና 10፣ ለጠርዝ እጥፋት 1 እና 1፤ ድምሩ 62። በስፋቱ 30 እና 20 እና 2፤ ድምሩ 52። ስለዚህ ለአንድ ትሪ 62 በ52 ሴንቲ ሜትር ላሜራ ይቆረጣል።

አንድ ሙሉ ላሜራ 100 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው። ስንት ትሪ ይወጣዋል? በስፋቱ 52 አንዴ ብቻ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ 52 ማለት 104 ነውና 4 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል። በርዝመቱ 62 ሦስት ጊዜ ይገባል። ሦስት ትሪ። አዙራችሁ ብትሞክሩትም ሦስት ነው። ከላሜራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቁርጥራጭ ሆኖ ጥግ ላይ ይቆማል።

አሁን ያው ሠራተኛ መቀሱን አስቀምጦ ደንበኛዋን ይጠይቃል፤ «እትዬ፣ ጥልቀቱ 8 ቢሆንልዎ ቅር ይልዎታል?» እሳቸው ለዳቦው 8 ይበቃል ካሉ የሚቆረጠው 58 በ48 ይሆናል። በስፋቱ ሁለት ጊዜ 48፣ 96፤ ገባ። በርዝመቱ ሦስት ጊዜ 58፣ 174፤ ገባ። ከዚያው ከአንዱ ላሜራ ስድስት ትሪ። በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ምክንያት ምርቱ በእጥፍ አደገ። 9 ሴንቲ ሜትር ቢሆንስ? 60 በ50 ነው፤ በወረቀት ላይ ስድስት ይወጣል፤ ነገር ግን ስፋቱ ልክ 100 ስለሚሆን የላሜራው ጠርዝ ትንሽ ከተበላ ወይም መቀሱ ትንሽ ከሳተ አለቀ። ልምድ ያለው ሰው 9ን አይቶ 8ን የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ይህን ስሌት ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም። መደመርና ማካፈል ነው። ሆኖም መጀመሪያ ቆርጠው ኋላ የሚያስቡ ወርክሾፖች አይጠፉም፤ ጥግ ላይ የተከመረውን ቁርጥራጭ ማየት ብቻ ይበቃል። አንድ የሥራ ቦታ ስትጎበኙ ማሽኑን ሳይሆን ያንን ጥግ እዩት እላለሁ።

ከዚያ በላይ ያለው ዕውቀት ደግሞ ቀስ እያለ ይመጣል። ሲሊንደር ለመሥራት ዲያሜትሩን በ3.14 ማባዛት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው የጭስ ማውጫ 62.8፣ ለመደራረቢያው 1 ሲጨመር 63.8 መቁረጥ። ከክብ ወደ አራት ማዕዘን የሚሄድ መገጣጠሚያን በመስመር ከፋፍሎ መዘርጋት። ብረት ሲታጠፍ ውጪው እንደሚለጠጥና ውስጡ እንደሚጨመቅ ማወቅ፤ የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በቀጥተኛ ማዕዘን ሲታጠፍ የውጪ ልኩ ከታሰበው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ለባልዲ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ክዳኑ ከሳጥኑ ጋር መግጠም ላለበት የኤሌክትሪክ ቦርድ ግን አራት እጥፋት ያለው ነገር 8 ሚሊ ሜትር ሲተርፍ ሥራው ወደ ቁራሌው ይሄዳል። (ቁራሌው የሚለው ስም ራሱ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው የሰፈር ጥሪ የመጣ መሆኑን ስንቶቻችን ልብ እንላለን?)

ሥራው የት ነው

የዚህን ሙያ ሥር ለማየት መርካቶ ምናለሽ ተራ መሄድ ነው። አሮጌ በርሜል ተተርትሮ፣ ተዘርግቶ፣ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጥበሻ፣ የእህል መስፈሪያ ይሆናል። ጆሮ የሚያደነቁር ቦታ ነው፤ አንዱ የጣለው የሌላው ጥሬ ዕቃ የሚሆንበት ቦታም ነው። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ልብሱ ስስ ብረት፣ ሆዱ ሸክላ ነው፤ ሁለት የእጅ ሙያ በአንድ ዕቃ ላይ የተገናኙበት።

ከዚያ ሲወጡ ሙያው ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበተናል። የቤት ግንባታው በር፣ መስኮትና የግቢ በር ይፈልጋል፤ እዚህ ላሜራው ከቱቦላሬና ከአንግል ብረት ጋር ስለሚጋባ ሥራው ከባለ ብየዳ ጋር ይጋራል። ጣሪያው አሸንዳ ይፈልጋል። መኪናው ሲጋጭ ባትላሜራ ይፈልጋል፤ ስሙን ከጣሊያንኛ የወረስነው ይህ ሰው የተጨማደደ በር ከውስጥ እየደገፈ ከውጭ እየመታ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ በስቱኮ ደፍኖ ከሚሸፍነው ሰው የሚለየውም በዚህ ነው። ትልልቅ ሕንፃዎች የአየር ማስተላለፊያ ዳክት ይፈልጋሉ። የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች የፓነል ሳጥን፣ ማስታወቂያ ሠሪዎች ሳጥን ፊደል፣ የጭነት መኪናዎች ካሶኒ ይፈልጋሉ።

ስለ አሸንዳ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አያስችለኝም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ውኃ ያወርዳል፤ ይህ ሁሉ ውኃ የሚያልፈው አንድ ሰው በለካውና ባጠፈው ስስ ቆርቆሮ ነው። የእኔ ቤት አሸንዳ ሁለት ክረምት ግድግዳዬን ሲያበሰብስ ኖሮ ምክንያቱ ሲታይ አንድ መደራረብ ነበር። በላይ በኩል ያለው ቁራጭ ከታች በኩል ባለው ውስጥ ገብቶ ውኃውን ማስረከብ ሲገባው ተገልብጦ ተገጥሟል፤ ውኃው በመሃላቸው እየገባ ይፈስሳል። የሠራው ሰው ሊድ አልቆጠበም፣ ሪቬትም አልቆጠበም። ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ አላሰበም።

ከከተማ ለሚርቅ ወጣት ደግሞ የብረት ጎተራ አለ። ይህ ዕቃ በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመካከለኛው አሜሪካ አገሮች በገበሬዎች ዘንድ ተስፋፍቶ በኋላ ወደ አፍሪካም የመጣ ነው። ከዚንክ ቅብ ላሜራ የሚሠራ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ታጥፎ በሊድ የታሸገ ሲሊንደር ነው። አየር ስለማያስገባ ውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይሞታል፤ አይጥም አይበሳውም። መሥሪያው መቀስ፣ መዶሻ፣ ማጠፊያና የሊድ ብረት ነው፤ መብራት በሌለበት መንደርም ይሠራል። አየር የሚያስገባ አንዲት ቀዳዳ ካለች ግን ጎተራው ተራ በርሜል ነው፤ ሙያው የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

የማይዝገው ብረት

አሁን ባለው ገበያ ለሙያው ሰው የተሻለ ክፍያ የሚያመጣው፣ በእኔ አስተያየት፣ የማይዝገው ብረት ነው፤ ሁሉም «ስቴንለስ» የሚለው። ሆቴሎች፣ ካፌዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ወተት ማቀነባበሪያዎች ጠረጴዛውን፣ ማጠቢያውን፣ የጭስ መሳቢያውን በዚህ ያሠራሉ። ብረቱ ውድ ስለሆነ ስሕተትም ውድ ነው፤ ደንበኛው ዋጋ የሚከፍለው ላለመሳሳት ነው ማለት ይቻላል።

ሁሉም ስቴንለስ ግን አንድ አይደለም። ለምግብ ሥራ የታወቀው 304 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጨው ለሚበዛበት 316 ይመረጣል። 430 ርካሽ ነው፤ ማግኔት ይይዘዋል። 201 ደግሞ ዓይን ላይ 304ን ይመስላል፤ ኒኬሉ አነስተኛ ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል፤ ዝገትንም የመቋቋም አቅሙ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ገበያ ይወጣና ካልያዘው «ጥሩ ነው» ብሎ ይገዛል። ማግኔት 430ን ያጋልጣል፤ 201ን ግን አያጋልጥም፤ እሱንም አይዘውምና። ይህን የሚያውቅና ለደንበኛው በቅንነት የሚነግር ሠራተኛ ዘንድ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል።

የሚበየደው በአርጎን ነው። አርጎን ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር ስለሚከልለው መስመሩ ንጹሕ ይወጣል። የእጅ መረጋጋት ይፈልጋል። በዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ ሕግ አለ፤ ተራ ብረት የተፈጨበትን ዲስክ ስቴንለስ ላይ አትጠቀም። የተራው ብረት ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ይሰካና ከሳምንታት በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ከዚያ ደንበኛው «ይኸው ዛገ» ብሎ ይመጣል፤ ስቴንለሱ አይደለም የዛገው፤ የእናንተ ዲስክ ነው።

በየት በኩል ይገባል

ሁለት በር አለ። አንዱ ረዳት ሆኖ መጀመር ነው። ወርክሾፕ ጠርጎ፣ ላሜራ ይዞ፣ ሻይ አምጥቶ፣ ቀዳዳ በስቶ፣ ቀስ በቀስ መቀሱ ይሰጠዋል። የዚህ በር ጥቅሙ እጅን ቶሎ መፍታቱ ነው፤ ጉዳቱ አሠሪው የሚያውቀውን ብቻ ማወቅ ነው። አሠሪው ትሪ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ልጁም ትሪ ብቻ ይዞ ይወጣል። ወላጆች ደግሞ ዕድሜን ይዩ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሠማራት አይፈቅድም።

ሁለተኛው በር የቴክኒክና ሙያ ተቋም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ተግባረ ዕድ ያሉ የቆዩ ተቋማት አሉ፤ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የቀድሞው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። በየክልሉም ኮሌጆች አሉ። ላሜራ ለብቻው የትምህርት ክፍል ሆኖ ላይገኝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከብየዳና ከሌላው የብረታ ብረት ሥራ ጋር አንድ ላይ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሲመዘገቡ የክፍሉን ስም ሳይሆን በሳምንት ስንት ሰዓት ወርክሾፕ ውስጥ እንደሚገቡ፣ የማጠፊያ ማሽን መኖሩንና ለልምምድ የሚሆን ላሜራ መኖሩን መጠየቅ ይሻላል። ላሜራ ያልቆረጠ የላሜራ ተመራቂ አይቼ አውቃለሁና።

ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በየደረጃው መጨረሻ የብቃት ምዘና አለ፤ ሕዝቡ «ሲኦሲ» የሚለው። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር በረዳትነት የተማረውም ተቋም ሳይገባ ለዚህ ምዘና መቅረብ መቻሉ ነው። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ወረቀት ስለሌለው ብቻ በፋብሪካ ቅጥር ላይ ከትናንት ተመራቂ ኋላ እንዳይቆም ይህን መንገድ ይጠቀምበት።

ሴት ልጆችስ? በዚህ ሙያ ውስጥ የሚበዛው መለካት፣ ማስመር፣ ማጠፍና ማገጣጠም ነው። ማጠፊያ ማሽን ክንዱ ረጅም የሆነው ጉልበት እንዲቆጥብ ነው። የቀረው እንቅፋት ከብረቱ ሳይሆን ከወርክሾፑ ወሬ የሚመጣ ነው። የብረት ሠሪን መናቅ አገሩን ለረጅም ጊዜ ጎድቶታል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ለዚህ ነበር። ቃሉ ከአደባባይ ጠፍቶ ይሆናል፤ «ልጄ ብረት ቀጥቃጭ ሆነ» ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ግን ዛሬም አሉ።

አሠሪ ዘንድ ክፍያው በቀን፣ በወር፣ ወይም በሥራ ቁጥር ነው። አሸንዳ በሜትር፣ በር በካሬ ሜትር ወይም በኪሎ ይተመናል። የብር መጠኑን እዚህ አልጽፍም፤ ጽሑፉ ታትሞ እስኪደርስ ይለወጣል። ይልቅ ይህን ልብ በሉ፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ዋጋ ሲናገር ላሜራውን፣ ቁርጥራጩን፣ ሊዱን፣ ዲስኩን፣ መብራቱን፣ ማጓጓዣውን፣ የቤት ኪራዩን ከቆጠረ በኋላ ነው እጁን የሚቆጥረው። ብዙዎች ከላሜራው ዋጋ በላይ የተረፈው ሁሉ ትርፍ ይመስላቸውና በዓመቱ ይዘጋሉ። ቀብድ መቀበልም ነውር አይደለም፤ ቢያንስ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ። ማሽን መግዛት ለማይችል ደግሞ በየጊዜው እየከፈሉ ማሽኑን የራስ የሚያደርጉበት የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ።

ሰውነትን የሚነካው

የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ የተሳለ ቢላ ነው። ጓንት ግድ ነው፤ በሚሽከረከር መብሻ ላይ ግን ጓንት አውልቁ፤ መብሻው ጨርቁን ከያዘ እጁንም ይወስደዋልና። የግራይንደር መከላከያ ሽፋን «ያስቸግራል» ተብሎ የሚነቀል ዕቃ አይደለም። መዶሻው ደግሞ ጆሮን የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰው መስማት መቀነሱን የሚያውቀው ቤተሰቡ «ሬዲዮኑን ቀንስልን» ሲለው ነው።

ከሁሉ የተሸፋፈነው አደጋ የዚንክ ጭስ ነው። ዚንክ ቅብ የሆነ ቆርቆሮ ስትበይዱ ብረቱ የሚቀልጠው ወደ 1,500 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ዚንኩ ግን በ907 ዲግሪ ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሳል። የተነፈሰው ሰው ማታውን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል። ወባ ወይም ጉንፋን ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ስለሚለቀው ይረሳዋል። በወርክሾፖች የታመነው መድኃኒት ወተት ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ የገባው ወደ ሳንባ ነው። መፍትሔው የሚበየደውን ቦታ ቅቡን አስቀድሞ ማንሳት፣ ነፋስ ባለበት ቆሞ መሥራት፣ ተገቢውን የጭስ ጭንብል ማድረግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መታጠፍ የሚችለውን አለመበየድ ነው። ሊድም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለበት ምግብና ውኃ በሚነካ ዕቃ ላይ አይግባ፤ ሠራተኛውም እጁን ሳይታጠብ አይብላ።

ባሕር ማዶ

ዳክት መሥራትና መግጠም የሚያውቅ ሰው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥራ የሚያገኘው ሕንፃዎቹ ያለ ማቀዝቀዣ ስለማይኖሩ ነው። አሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው ለገቡ ወገኖቻችን ደግሞ ብዙም የማይወራ መንገድ አለ። እዚያ የላሜራ ሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪዎች ጋር የሚያካሂደው የሥራ ላይ ሥልጠና ከአራት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ሠልጣኙ የትምህርት ክፍያ አይሸከምም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከፈለዋል፣ ደረጃው ባደገ ቁጥር ክፍያው ያድጋል። የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ፣ በቂ እንግሊዝኛና የሂሳብ ፈተና ይጠይቃል። ታክሲና መጋዘን ብቻ ሥራ የሚመስላቸው ሰዎች ቢጠይቁበት አይቆጩም። በጀርመን ተመሳሳይ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተኩል ነው፤ ግን ጀርመንኛው መቅደም አለበት።

በሁሉም ቦታ ሌዘር መቁረጫው እየገባ ነው፤ አዲስ አበባም ገብቷል። ሥዕሉን በኮምፒውተር ይቀበልና የሰው እጅ በግማሽ ቀን የሚቆርጠውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ይህ ባለ መቀሱን ያስፈራዋል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። መዘርጋት የሚያውቀው ግን ማሽኑ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ሥዕሉ ከተሳሳተ ሌዘሩ ስሕተቱን በፍጥነትና በጥራት ይቆርጠዋል።

ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ብር ከማውጣቱ በፊት አንድ ምሽት ይህን ይሞክር። ከሱቅ አንድ ባዶ ካርቶን ያምጣ፤ ማስመሪያ፣ እርሳስና መቀስ ይያዝ። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 15፣ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ከአንድ ቁራጭ ይሥራ፤ ቀጥሎ ክዳኑን፣ ከአንድ ቁራጭ። የመጀመሪያው ክዳን አይገባም፤ የካርቶኑን ውፍረት ስለሚረሳው ይጠብበታል። ሁለተኛው ይሰፋል። ሦስተኛውን ለመቁረጥ እጁ ከተነሳ፣ በማግሥቱ ወደ ተቋሙ ይሂድ።